በሌላ ኮረብታ ላይ የተጻፈ ስም

ባለፈው የካቲት የጎረቤቴ ልጅ በትምህርት ቤቱ የዓድዋ በዓል ላይ ራስ አሉላን ሆኖ እንዲቀርብ ተመረጠና ግቢያችን ሁለት ቀን ሲታመስ ሰነበተ። ጋሻው ከካርቶን ተቆረጠ፤ ጎፈሩ ካረጀ ምንጣፍ ላይ ተሰፋ፤ ጢሙን እናቱ በኩል ሣለችለት። ልጁ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። በዕለቱ ጠዋት ኮልፌ ዋናው መንገድ ዳር ታክሲ እየጠበቅን ሳለ፣ ዝም ከምል ብዬ፣ «ለመሆኑ ዓድዋ የት ነው?» አልኩት። አላመነታም። «ፒያሳ!» አለኝ።

እናቱ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ልጁ ከእኛ የሰማውን ነው የመለሰው። ከየካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ ፒያሳ ላይ በዚህ ስም የሚጠራ ትልቅ የሙዚየም ሕንፃ አለ። ቴሌቪዥኑ «ዓድዋ» ሲል የሚያሳየው ያንን ሕንፃ ነው። ዘመዶቹ «እሑድ ዓድዋ እንወስድሃለን» ሲሉት ይዘውት የሚሄዱት እዚያ ነው። ተራራ ያሳየው ሰው የለም።

ሙዚየሙ መሠራቱን የምቃወም ሰው እንዳልመስል። ሙዚየም ስለ አንድ ቦታ የሚያወራ ቤት ነው፤ ቦታው ራሱ ነኝ አይልም። ቅሬታዬ ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት ጀምሮ በአፋችን ላይ ከተለመደ አንድ አባባል ጋር ነው፦ «ዓድዋ ቦታ አይደለም፤ መንፈስ ነው።» ይህ አባባል ሲነገር ጥልቅ ይመስላል፤ ያስጨበጭባልም። አንዴ ካለፈ በኋላ ግን በሩ ለሁሉም ወለል ይላል። የሕዳሴው ግድብ «ዳግማዊ ዓድዋ» ይባላል። ድህነትን መዋጋት «የእኛ ትውልድ ዓድዋ» ይሆናል። የእግር ኳስ ግጥሚያ ሲቃረብ «ዓድዋን እንደግማለን» ይባላል። የየካቲት የዕቃ ሽያጭ ቅናሽ ሳይቀር በዚያ ስም ይጠራል። መንፈስ ነዋ! መንፈስ የፈለገበት ያድራል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ዓድዋ ቦታ ነው፤ ክብሩም ቦታ በመሆኑ ውስጥ ነው። ስሙን ከተራራው ነቅለን ባሰኘን ነገር ላይ በለጠፍነው ቁጥር የጀግኖቹን ሥራ አናልቅም፤ የጠላታቸውን ስሕተት እንደግማለን።

መጀመሪያ ግን ራሴን ልክሰስ። ይህን የሚጽፈው ሰው የሚኖረው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ቀራንዮ የማን ስም ነው? የኢየሩሳሌም። የራስ ቅል ስፍራ፣ ጌታ የተሰቀለበት ኮረብታ። እኛ ሰፈር የታክሲ መውረጃ ሆኗል። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ቀራንዮ፣ ሁለት ሰው! የሞላ!» ሲል ስቅለትን የሚያስብ ተሳፋሪ የለም። በአካባቢያችን ስሞች እንዲህ ናቸው። ጦር ኃይሎች ወርዶ ጦር የሚፈልግ፣ ዓለም ባንክ ወርዶ ብር የሚመነዝር የለም። ዘነበወርቅ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ የልዕልቲቱ ስም መሆኑን ከሚያውቀው ይልቅ «ከአየር ጤና በፊት ያለው ነው» የሚለው ይበዛል። ታዲያ ከተዋሰ ስም ላይ ተኝቶ የሚነሣ ሰው ስለ ስም መዋስ ምን አፍ አለው?

አፍማ አለው። ምክንያቱም ቀራንዮን የተዋስንበት መንገድና ዓድዋን የምንዋስበት መንገድ አንድ አይደሉም። አባቶቻችን ቀራንዮ ያሉት ታቦት ተክለው ነው። ላሊበላ ላይ ቤተ ጎልጎታ ሲፈለፈል፣ ወንዙም ዮርዳኖስ ሲባል፣ «ኢየሩሳሌም ቦታ አይደለችም፤ መንፈስ ናት» ያለ ሰው አልነበረም። እንዲያውም መንገዱ ስለራቀ፣ መሳለሙ ስለከበደ፣ እዚያ ያለውን ቦታ እዚህ ሆነው እንዲያስቡት ነው የሰየሙት። ስሙ ወደ ዋናው የሚመልስ ጣት ነው። ዛሬም በስቅለት ዕለት ሰፈሬ መድኃኔዓለም የሚሰግደው ምእመን ግንባሩ የሚነካው የኮልፌን አፈር ነው፤ ልቡ ያለው ግን ኢየሩሳሌም ነው። «ዳግማዊ ዓድዋ» የሚለው ተናጋሪ ልቡ ወዴት ነው? ወደ ዓድዋው ተራራ ወደ ሰማያታ ነው ወይስ ወደ ሪፖርቱ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም፣ እሑድ፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ዓድዋ ላይ የተደረገው ጦርነት ለጣሊያኖች የተበላሸበት አንዱ ምክንያት የቦታ ስም ነው። ይህ በንግግር መድረክ ላይ ሲነገር ብዙም አልሰማሁም።

የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ከ17 ሺህ የሚበልጥ ሠራዊቱን በሌሊት ሲያስነሣ ለጄኔራሎቹ በእጅ የተነደፈ ካርታ ሰጣቸው። በግራ ክንፍ የሚሄደው አልበርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። አልበርቶኔ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ሳይነጋ ካርታው «ኪዳነ ምሕረት» ካለው ቦታ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ የአገሩ ሰዎች ግን ይህ ኪዳነ ምሕረት አይደለም አሉት። እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደፊት፣ ወደ ዓድዋ ከተማ ተጠግቶ ነው። ካርታ ነዳፊው ስሙን በሌላ ኮረብታ ላይ ጽፎታል።

አልበርቶኔ ስሙን ተከተለ። ወደፊት ገፋ። እሱ በገፋ ቁጥር በእሱና በመካከለኛው ክፍል መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ፤ ሲነጋጋ ከአፄ ምኒልክ ሠራዊት እቅፍ ውስጥ ብቻውን ተገኘ። እርሱ ተማረከ። አሪሞንዲ ራዮ ተራራ አካባቢ ወደቀ። አልበርቶኔን ሊደግፍ የተላከው ዳቦርሚዳ ደግሞ ከሌሎቹ ተነጥሎ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ። በዚያ ዕለት ከጣሊያን ወገን ስድስት ሺህ ገደማ ሰው ሞተ።

ድሉ በካርታ ስሕተት ብቻ የተገኘ ነው እያልኩ አይደለም። ያንን የሚል የገበየሁን ሞት፣ የእቴጌ ጣይቱን ብርታት፣ የባልቻን መድፍ አያውቅም። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱን ወገኖች የለየው ዕውቀት ይህ ነበር። ለአንደኛው ኪዳነ ምሕረት በወረቀት ላይ ያለ ቃል ነው፤ ቃሉ የትም ሊቀመጥ ይችላል። ለሌላው ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያኗ ናት፤ ደወሏ ከየት በኩል እንደሚሰማ የታወቀ ነው። ስሙ ከቦታው ጋር የኖረለት አሸነፈ፤ ስሙ ከቦታው የተነቀለበት ተሸነፈ። ስለዚህ «ዓድዋ ቦታ አይደለም» የሚለውን ስሰማ ባራቲየሪ ካርታውን ዘርግቶ ይታየኛል።

እስቲ ስሙን ራሱን ቀረብ ብለን እንየው። አብዛኛው ሰው «አድዋ» ብሎ ይጽፋል። ለአማርኛ ጆሮ አልፋው «አ» እና ዓይኑ «ዓ» ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ልዩነቱ ለአራሚ የተተወ ይመስላል። ዓድዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ሲጠራው ፊደሉ ከጉሮሮ ይወጣል። ትግርኛ ያንን ድምፅ አልጣለውም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የስሙ ትርጓሜም ከዚያው ድምፅ ይነሣል፦ «ዓዲ ዓዋ»፣ የዓዋ ሰዎች አገር። ዓዋ የሚመስል የሕዝብ ስም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ገልብጦ ባቆየው የአዱሊስ የድንጋይ ጽሑፍ ውስጥ አለ። ትርጓሜው ልክ ከሆነ ስሙ ስለ ድል አንዳች አይናገርም። የሚናገረው ሰው ስለሚኖርበት ስፍራ ነው። «ዓዲ» ማለት እኮ አገር፣ መንደር ማለት ነው። ቦታ አይደለም የምንለው ስም መጀመሪያው ፊደሉ ላይ «ቦታ» ብሎ ይጀምራል።

ደግሞም ዓድዋ ከጦርነቱ በፊት ዓድዋ ነበረች። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የራስ ሚካኤል ስሑል መቀመጫ፣ ከምጽዋ ወደ መሀል አገር የሚገባው የንግድ መንገድ ማረፊያ ነበረች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው አባ ገሪማ ገዳም ከ1,300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የብራና ወንጌል እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ጣሊያኖች ራሳቸው ያንን ጦርነት አንዳንዴ «የአባ ገሪማ ጦርነት» ይሉት ነበር። አሁን ግን «ዓድዋ» ስንል እነዚህ ሁሉ ይጠፉና አንድ ጠዋት ብቻ ይቀራል፤ ቆይቶ ጠዋቱም ይጠፋና ጭብጨባው ብቻ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

«ዳግማዊ ዓድዋ» የሚያከብረው ማንን ነው? የሚጎዳቸውን ግን ሁለት ልቁጠር። አንደኛ፣ ግድቡን ውሰዱ። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። ያለበት ቦታ ስም አለው፦ ጉባ። በረሃ ነው፤ ሙቀቱ ይጋረፋል፤ የሚኖርበት ሕዝብ አለ፤ ኮንክሪት ሲያፈሱ የዋሉ ያደሩ ሠራተኞች ወዝ አለበት። ይህን ሥራ «ዳግማዊ ዓድዋ» ስንለው ዓድዋ ላይ አንድ ጠጠር አልጨመርንም፤ ጉባን ግን ስሙን ቀማነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ልጅ «ጉባ» ሲባል ደረቱ እንዲነፋ ከፈለግን ዛሬ ጉባን ጉባ እንበለው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እኛ ግን መልአኩ ያወጣውን ሠርዘን የሌላ ሰው ስም እናወርሰዋለን።

ከሰፈሬ ተቃራኒ ምሳሌ ልስጥ። በ1954 ዓ.ም ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና ሊወስድ የመጣው እዚሁ ኮልፌ፣ ከፖሊሱ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ዘንድ ነው። ካሠለጠኑት መካከል ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ይገኙበታል። አንድ አፍሪካዊ ነፃነቱን ሊማር ከደቡብ ጫፍ ተነሥቶ ወደዚህች አገር የመጣበትን ቀን «ዳግማዊ ዓድዋ» ለማለት ከዚያ የተሻለ ሰበብ ከየት ይገኛል? ማንም አላለውም። ሰውዬው የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ኮልፌን ኮልፌ ብሎ ነው የጻፈው። ለዚህ ነው ዛሬ የደቡብ አፍሪካን ታሪክ የሚያነብ ሰው የእኛን ሰፈር በስሙ የሚያገኘው። ትልቅ ነገር የራሱን ስም ይዞ ነው ትልቅ የሚሆነው።

ከቦታው የተነቀለ የጦር ሜዳ ስም መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከመቀሌ በስተ ደቡብ አምባ አራዳም አለ። በየካቲት 1928 ዓ.ም ራስ ሙሉጌታ ይዘውት የነበረውን ይህን አምባ የፋሺስት ጦር በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበው፤ መርዝ ጋዝም ተረጨ። ራስ ሙሉጌታ በማፈግፈጉ ላይ ሳሉ ሞቱ። ዛሬ በጣሊያንኛ «አምባራዳን» የሚል ቃል አለ፤ ትርጉሙ ትርምስምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው። ልጆች ክፍላቸውን ሲያዝረከርኩ እናት «ምንድነው ይሄ አምባራዳን?» ትላለች። ከቃሉ ሥር ሬሳ እንዳለ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሮም ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ጎዳና አለ፤ በ2012 ዓ.ም ማብቂያ የከተማዋ ምክር ቤት እዚያ ሊከፈት የነበረው የባቡር ጣቢያ በዚያ ስም ፋንታ በጆርጆ ማሪንኮላ እንዲሰየም የወሰነው የስሙ ነገር ያሳፈራቸው ሰዎች ስለጮሁ ነው። ማሪንኮላ እናቱ ሶማሌ የሆነች፣ ፋሺስትን ሲዋጋ የሞተ አርበኛ ነበር።

«ያ በክፋት ነው፤ የእኛ በፍቅር ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ በፍቅር የተነቀለውን እንይ። ማራቶን የጦር ሜዳ ስም ነው። ግሪኮች ፋርሶችን ድል ያደረጉበት፣ እንስላል የበዛበት ሜዳ ስለነበር ስሙ ከዚያ ተክል እንደመጣ ይነገራል። ዛሬ ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ስሙን ከግሪኮችም በላይ የእኛ አደረገው፤ እሰየው። ግን ከእኛ መካከል ማራቶን ሲባል ሜዳ የሚታየው ማነው? የማያልቅ ስብሰባን «ማራቶን» እንላለን። በጠላትም አፍ ሆነ በወዳጅ አፍ፣ ስሙ ከመሬቱ ከለቀቀ መድረሻው ያው ተራ ቃልነት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህም የከፋ ነው። ቦታ ምልክት ብቻ ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። ጣሊያን አርባ ዓመት ሙሉ «አዱዋ» የሚለውን ስም የውርደት ምልክት አድርጋ ይዛው ኖረች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ወረራው ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ቦምቦች መካከል አንዳንዶቹ የወደቁት ዓድዋ ላይ ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ከተማዋ ተያዘች። የተበቀሉት ምልክቱን ነው፤ ቦምቡ የወደቀው ግን በሰው ጣሪያ ላይ ነው።

ጣት ወደ ሮም ብቻ ቀስረን እንዳንቀር። የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም እዚህ አዲስ አበባ «ዓድዋ! ዓድዋ!» ሲባል ዋለ። በዚያ ዕለት ወደ ዓድዋ ስልክ አይሠራም ነበር። ባንክ ዝግ፣ መብራት የጠፋ፣ መንገድ የተቆረጠ ነበር። የትግራዩ ጦርነት ጥፋተኛ ማን ነበር የሚለው ሙግት በዚህ ጽሑፍ አይፈታም፤ ልፈታውም አልሞክርም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን በዚያ ጠዋት ስሙን እየጠራን፣ «ከተማይቱስ እንዴት ናት?» ያልን? እኔ አላልኩም። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሻሽ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ወጥቼ፣ ጨፍሬ፣ ማታ በሰላም ቤቴ ገባሁ። «ዓድዋ መንፈስ ነው» የሚለው ለዚህ ነው የሚመቸው። መንፈስ አይራብም፤ መንፈስ ስልክ አያስፈልገውም።

አሁን ለተቃራኒው ወገን ጠንካራ ክርክር ቦታ ልልቀቅ። «ዓድዋን በተራራ ላይ ካሰርከው አሳነስከው፤ የመላው ኢትዮጵያ፣ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሆነውን ድል የአንድ ወረዳ አደረግከው» ይላሉ። ይህ ከቅን ልብ የሚወጣ ሥጋት ነው፤ ስም የጎጥ አጥር ሲሠራበት ያየንበት ዘመን ላይ ስላለን ሥጋቱ ይገባኛል።

ግን ሥጋቱ ነገሩን ገልብጦ ያያል። በ1888 ዓ.ም ጥቅምት ከአዲስ አበባ የተነሣው ሠራዊት ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በእግርና በበቅሎ አምስት ወር ገደማ ተጉዟል። ራስ መኮንን ከሐረር፣ ራስ ሚካኤል ከወሎ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም፣ ዋግሹም ጓንጉል ከላስታ መጥተው እነ ራስ መንገሻን፣ እነ ራስ አሉላን እዚያው አገራቸው ላይ ተቀላቀሉ። ታላቅነቱ የቱ ላይ ነው? አብዛኛው ባልተወለደበት፣ ዘመድ በሌለው፣ ቋንቋውን እንኳ በማይሰማበት አገር ሄዶ መሞቱ ላይ ነው። ይህ ትርጉም የሚኖረው ዓድዋ ሩቅ ከሆነ፣ የሌላ ሰው ደጅ ከሆነ ብቻ ነው። ዓድዋ በየትም ያለ መንፈስ ቢሆን ኖሮ ከሐረር ድረስ ምን ያስኬድ ነበር? ሐረር ላይ ሆኖ መንፈሱን ማደስ ይቻል ነበር። ቦታውን ሰርዙ፤ የሁሉም ያደረገውን መንገድ አብራችሁ ትሰርዛላችሁ።

ይህ የገባቸው አሉ። ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ «ጉዞ ዓድዋ» ብለው ከአዲስ አበባ በእግራቸው የሚነሡ ወጣቶች አሉ። እግራቸው እየቆሰለ፣ በየመንደሩ ሰው ቤት እያደሩ ተጉዘዋል። ከመድረክ ንግግር ሁሉ ይልቅ የእነሱ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ስለ ዓድዋ ያስረዳል። ቦታ መሆኑን በእግራቸው ያውቁታልና።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ግድቡን ጉባ በሉት። ካራማራን ካራማራ በሉት። ማይጨውንም ስለተሸነፍንበት አትደብቁት። ስትጽፉ ዓይኑን «ዓ» አትዝለሉ። የካቲት 23 ሲመጣ ሕፃናቱን ጎፈር ከማልበሳችሁ በፊት ካርታ አሳዩአቸው፤ ሰማያታን፣ ራዮን፣ ማርያም ሸዊቶን፣ እንዳ ኪዳነ ምሕረትን፣ እያንዳንዱን በየኮረብታው ላይ፣ በትክክለኛው ኮረብታ ላይ።

እኔ በዚያው ሳምንት እንደዚያ አደረግሁ። ለራስ አሉላ፣ ጢሙ ገና በደንብ ሳይለቅለት፣ በስልኬ ካርታ ከፍቼ ከኮልፌ ወደ ሰሜን ጣቴን እየሳብኩ አሳየሁት። ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ወልዲያ፣ መቀሌ፣ ከዚያም ወዲያ። ዓይኑ ፈጠጠ። «ጋሼ፣ ከጦር ኃይሎች በስንት ታክሲ ይደረሳል?» አለኝ።

እናቱ አሁንም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ስለ ዓድዋ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው ነበር። እንዴት ይደረሳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ቢያንስ፣ የሚደረስበት ቦታ መሆኑን አውቋል።